አምስት ክፍለ ጊዜ ያለ ድምፅ

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን የምትወጪው ብረቱን ይዘሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ በሁለቱም እጅሽ ዕቃ አንጠልጥለሽ? ጨውስ ቀነስሽ ወይስ የምትቀንሺው ሐኪሙ ፊት ብቻ ነው? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁም፤ ሳቄ ድምፅ የለውም እንጂ።

ስልኬን አላነሳ አለች ብለሽ እንዳኮረፍሽ ከመልእክትሽ ገብቶኛል። «ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል» ብዬ ስጽፍልሽ «እንግዲያው ስልኩን አንሺና አንዴ ሳል አድርጊልኝ፣ ሳልሽን ሰምቼ እፈርዳለሁ» ብለሽ መለስሽ። ትፈርጃለሽም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ፊት ተቀምጠሽ የሰው ድምፅ ስታገናኚ የኖርሽ ሴት ነሽ። «ሄሎ» ስልሽ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ከማን ጋር እንደተጣላሁ፣ ራት በልቼ እንደሆነ ከድምፄ ታነቢያለሽ። ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው። ደብዳቤ ደግሞ አይሻከርም።

ነገሩ ጉንፋን አይደለም። በመጀመሪያው ገጽ ልንገርሽና ሁለታችንም እንገላገል። ድምፄ መሻከር ከጀመረ አራት ወር አልፎታል፤ አንቺም ጠመኔው ነው እያልሽ ስትነዘንዢኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በቀጭን መሣሪያ ወደ ውስጥ አየና ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ ወሰደ። ከዚያ ቃል እንዳይወጣሽ አለኝ፤ ማንሾካሾክም ጭምር ክልክል ነው፣ እንዲያውም ማንሾካሾክ ከመጮህ ይብሳል አለ። ውጤቱ ሐሙስ መጣ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና አለኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጥፍሩን አሳጥሮ የሚቆርጥ፣ ሰው በወረቀት ሲጠይቀው ጽፎ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ወድጄዋለሁ። ስለ ሕክምናው ለዛሬ የምጽፍልሽ ይኸው ነው። ዋሽቼሽ አላውቅም፣ አሁንም አልዋሽሽም። የቀረውን ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተራችን ቢሮ ገብቼ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋት። እኩያዬ ናት፣ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ደግነቷን በችኮላ ማደሏ ነው። ገና አንብባ ሳትጨርስ መዝገብ ቤት ክፍት ቦታ አለ አለችኝ፤ ደመወዝሽ አይነካም፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፣ የተማሪዎችን ፋይል በፊደል ተራ መደርደር ብቻ ነው። መዝገብ ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ያን ጊዜ ስትመጪ ሻይ የጋበዙሽ ክፍል ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ተማሪ የሚያየው ተማሪው ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ብቻ ነው። ወረቀት ስቤ «ማስተማር እችላለሁ» ብዬ ጻፍኩና ገፋሁላት። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ገፋችው።

ኃላፊያችንን ተማሪዎቹ «ሚዛን» ይሏቸዋል፤ ቃላቸውን ሳይመዝኑ አያወጡማ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረዋል። ወረቀቴን አዩት፣ ጣሪያውን አዩት፣ ከዚያ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ብታስተምሪ ኖሮ እሺ እል ነበር አሉኝ። «ኬሚስትሪ ነው ልጄ። አንዱ የማይሆን ጠርሙስ ቢያነሳ በምን ትጮኺያለሽ?»

እውነታቸውን ነው። የሚጻፍ ነገር እስኪነበብ ጊዜ ይፈልጋል፣ አሲድ ደግሞ አይጠብቅም። ቢሆንም አፌን ሞልቼ መናገር ስላልቻልኩ ገጹን ሞልቼ «አንድ ሳምንት ስጡኝ» ብዬ ጻፍኩ። ተሰጠኝ። የሚቀጥለው ሳምንት የአሲድና የቤዝ ሳምንት ነው። አሥረኛ «ሐ» ክፍልን፣ ሃምሳ ሁለት ተማሪ፣ አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ከላብራቶሪ ሥራው ጋር አስተምራለሁ። ሌሎቹን ክፍሎቼን ባልደረባዬ ይይዝልኛል። ሐሙስ ጋሽ ሚዛን መጥተው ይታዘባሉ። ደህና ከሄደ ክፍሌ የኔ ነው። ካልሄደ ከሳምንቱ በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት እገባለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ሦስታችንም አላነሳንም።

እናም ዛሬ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጌ ዕቅድ ላይ ተቀምጫለሁ። የሳምንት ዕቅድ ቅጻችን ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ። ቀን፣ ርዕስ፣ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና የሚሉ ዓምዶች አሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የመምህሩ ተግባር» የሚለው ውስጥ ሦስት ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ትገልጻለች፣ ታብራራለች፣ ትጠይቃለች። ዛሬ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሳየው ሦስቱም የአፍ ሥራ ናቸው። የተማሪው ተግባር ውስጥ ደግሞ «ያዳምጣል» የሚል አለ። ሁሉንም ሰረዝኳቸው። ባዶውን ዓምድ ትቼ ተነሳሁና ዕቃ አጠብኩ፤ አንቺ ሲጨንቅሽ እንደምታደርጊው።

አጥቤ ስመለስ ግን መጣልኝ። ሰኞ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ጥቅል ጎመን ቀቅዬ ውሃውን ይዤ እገባለሁ፤ ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ የሳሙና ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይህን ለማየት ጆሮ አያስፈልግም። ማክሰኞ ቀመር መጻፍ ነው። ረቡዕ አሲድ ማቅጠን፤ አሲዱ ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይገባም፣ ተገላቢጦሹን ያደረገ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነጥቅበታል። ሐሙስ ዋናው ሙከራ፣ አሲዱን በጠብታ እየለኩ ቤዙን ማጣፋት። ዓርብ ፈተና። የምናገረውን ሁሉ በትልልቅ ካርቶን ላይ በወፍራም ቀለም ጻፍኩት፤ ሠላሳ ስምንት ካርቶን ሆነ። ቀልዶቼን ሳይቀር ጽፌአቸዋለሁ። አሁን የቀረኝ የጋሽ ሚዛን ጥያቄ ብቻ ነው።

የስፖርት መምህራችን ትናንት ወሬውን ሰምቶ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ አመጣልኝ። ይሄ ድምፅ አይፈልግም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው አለኝ፣ እሱ ጥሩ ልጅ። አመስግኜ መለስኩለት። ለኔ የሚያገለግለው እስከ ቀዶ ሕክምናው፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ እኔ የምፈልገው አብሮኝ የሚከርም ነገር ነው። ከመደርደሪያዬ የቆርቆሮ ትሪና የእንጨት ማንኪያ አወረድኩ። አንድ ምት፦ ወደኔ እዩ። ሁለት ምት፦ የያዛችሁትን ትታችሁ እጅ ወደ ላይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። በወጥ ቤቴ ሞከርኩት። ጎረቤቴ ግድግዳውን መልሳ ደበደበችው፤ ስለዚህ ይሰማል ማለት ነው።

ደብዳቤውን አልዘጋውም። ሳምንቱ ሲያልቅ ጨርሼ እልክልሻለሁ፤ እስከዚያ አኩርፈሽ ቆዪ፣ ያምርብሻል።

ሰኞ፣ መምህራን ክፍል

እማዬ፣ የምን ካርቶን፣ የምን ዕቅድ።

የመጀመሪያውን ካርቶን አነሳሁ። «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ሃምሳ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ልክ እንደ አንደኛ ክፍል። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ እሱንም አነበቡት። ቀልዱን ሳነሳ የፊተኞቹ ቀድመው ሳቁ፣ የኋለኞቹ ምን ይላል ምን ይላል እያሉ ከወንበር ተነሱ፣ ከዚያ እነሱ ሲስቁ የፊተኞቹ እንደገና በነሱ ሳቁ። ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ዞር ስል ክፍሉ ገበያ ሆነ። ስድስተኛውን ካርቶን ስፈልግ አንዱ የጎመኑን ውሃ በውርርድ ጠጣው። (አይጎዳም፣ ጎመን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ምላሱን እያወጣ ሲያሳይ ዋለ።) ሁለት ጊዜ ትሪውን ስመታ ዘፈን የጀመርኩ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ደወል ሲደወል ዘጠነኛው ካርቶን ላይ ነበርኩ።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም፤ ተማሪ ነው፣ ያስቃል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጓደኞቿ «ሬዲዮ» የሚሏት። ዝም ማለት የማይሆንላት፣ ልጅነቴን የምታስታውሰኝ ዓይነት። ካርቶኖቹን ከፍ ሳላደርግ ከጎን እያየች ቀድማ ማንበብ ጀመረች፣ ያውም በኔ ድምፅ። «እህስ ልጆች፣ ከእንቅልፍ ወይስ ከትምህርት?» ስትል እኔን ቁርጥ ነበር፤ «እህስ» ላይ እንደምጎትተው ጎተተችው፣ መጨረሻው ላይ እንደምሰብረው ሰበረችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዕቃ እንደጎደለው ሰው ወደ ዕቃ መጋዘኑ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። የራሴን ድምፅ ከሰው አፍ ሰማሁት። አዎ፣ አለቀስኩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በሁለት የጠርሙስ መደርደሪያ መካከል ቆሜ። ልጅቷ ምንም ክፉ አላሰበችም። እንዲያውም ድምፄን ሌላ ሰው እንደሷ አድርጎ አይይዘውም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ትይኝ ነበር። አሁን ተቀምጬ ሳስበው ስህተቴ ገብቶኛል። ዝም ለማለት አላቀድኩም፤ በካርቶን ለመለፍለፍ ነው ያቀድኩት። ሠላሳ ስምንቱንም ቀደድኳቸው። ሬዲዮን አፌ ላድርጋት የሚል ሐሳብም መጥቶልኝ ነበር፤ ተውኩት። እሷ ከተናገረች የምታስተምረው እሷ ናት፣ ጋሽ ሚዛንም ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልጋቸውም። የማክሰኞውን ቀመር ወደ ረቡዕ ገፋሁትና ማክሰኞን ባዶ አደረግኩ። በ«መምህሩ ተግባር» ዓምድ ውስጥ «ታያለች» ብዬ ጻፍኩ። በተማሪው ዓምድ ደግሞ «ቋንቋ ይሠራል»።

ነገ አያለሁ።

ሐሙስ፣ ላብራቶሪ፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ

ሁለት ቀን ያልጻፍኩልሽ ደክሞኝ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው። ደስ ሲለኝ እንደማልጽፍ ታውቂያለሽ።

ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ አሥራ አምስት ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ አሲድ፣ ቤዝ፣ ውሃ፣ ጠብታ፣ ቀስ በል፣ ድገመው፣ ለምን፣ እርግጠኛ ነህ፣ እንዲህ እያለ የሚሄድ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ እጆቼን አሳየኋቸውና ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ምን እናድርግ ማለቴ እንደሆነ መጀመሪያ የገባት ሬዲዮ ናት። አሲድን ፊቷን እንደ ሎሚ ጨምድዳ ጣቷን ጉንጯ ላይ አደረገችው። ሌላው ቤዝን እንደ ሳሙና በሁለት ጣቱ አሻሸው። ክፍሉ ተነሳ፤ ተከራከረ፣ ተጣላ፣ ድምፅ ሰጠ። አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ፣ ድምፁን በስም ጥሪ ካልሆነ ሰምቼው የማላውቅ። ተነስቶ፣ ውሃ እኮ ምልክት አለው፣ እናንተ መፍጠር የለባችሁም አለ። እህቱ መስማት የተሳናት ናት፤ ቤታቸው ውስጥ ሁሉም በእጅ ነው የሚያወራው። ግማሹን ቃል ከእውነተኛው የምልክት ቋንቋ እሱ ሰጠን፣ ያጣነውን ራሳችን ሠራን። «ለምን» የሚለውን በጣም ወደዱት፤ መዳፍን ከአገጭ በታች ዘርግቶ መጠበቅ ነው። ቀኑን ሙሉ በየመተላለፊያው አገጫቸውን ይዘው ሲዞሩ የሂሳብ መምህራቸው የጥርስ ሕመም ወረርሽኝ የገባ መስሎት ጠየቀኝ።

ሁለቱን ምት ለማለማመድ ደግሞ ብልሃት አገኘሁ። በሳምንቱ መጨረሻ የተጠቀምንበትን የመስታወት ዕቃ ማን እንደሚያጥብ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሁለት ሲመታ እጁን መጨረሻ ያነሳ ያጥባል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጅ እንዴት እንደሚነሳ ብታዪ። ሲጽፉ መታሁ፣ ሲያወሩ መታሁ፣ አንዱ ሲያዛጋ መታሁ። ረቡዕ አሲዱን ስናቀጥን ምንም አልተፈጠረም፤ አሲዱ ወደ ውሃው እየገባ ዋለ፣ እኔ በየጠረጴዛው እየዞርኩ ዓይናቸውን እያየሁ፣ እነሱ ዓይኔን እያዩ። አንድ ነገር ልንገርሽ? አሥራ አንድ ዓመት ሳወራ የነሱን እጅ አይቼው አላውቅም ነበር። ማን በግራው እንደሚይዝ፣ ማን ሲፈራ እንደሚያጣብቅ፣ ማን ያልገባውን ገብቶኛል ብሎ እንደሚነቀንቅ ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ጋሽ ሚዛን ደወል ሳይደወል መጡ፤ የመታዘቢያ ቅጻቸውን ይዘው፣ ነጭ ጋውናቸውን እስከ አንገት ቆልፈው የኋላው ጥግ ተቀመጡ። አሥራ ሦስት ቡድን ነው፣ እያንዳንዱ አራት ሰው። ቤዙን፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን፣ በፒፔት ለክቶ ፍላስክ በሚባለው ጠርሙስ ውስጥ መጨመር፣ ቀለም የሚለውጥ የጠቋሚ ጠብታ አድርጎ ሮዝ ማድረግ፣ ከዚያ ከላይ በቡሬት፣ ከሥሩ መክፈቻ ባለው የመስታወት ቱቦ፣ አሲዱን እያንጠባጠቡ ሮዙ የሚጠፋባትን አንዲት ጠብታ መያዝ ነው። ፒፔት ማለት ረጅም የመስታወት ቀጭን ቱቦ ነው፤ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚስበው ጫፉ ላይ የሚሰካ የጎማ ኳስ ነው። ኳሱ ስድስት ብቻ ስለሆነ በተራ ይቀባበላሉ። ምልክቱ እየሠራ ነበር። አገጭ እየተያዘ ነበር። ክፍሉ ዝም አላለም፣ ግን የሚያወራው ስለ ጠብታ ነበር። እኔ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ጋ ቆሜ የአንዷን ቡሬት ሳስተካክል ነበርኩ።

የኋላኞቹ ቡድን የደረሳቸው ኳስ የተሰነጠቀ ነበር፤ አየር ያስገባል። ልጁ አንዴ ሳበ፣ ወረደበት፤ ደግሞ ሳበ፣ ወረደበት። ጋሽ ሚዛን ከወንበራቸው ሆነው አይተውታል። ሥራ ሲበላሽ ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው፣ እስቲ አምጣው አሉና ፒፔቱን ከልጁ እጅ ወሰዱ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? እሳቸው ኬሚስትሪ ሲማሩ የጎማ ኳስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ፒፔትን በአፉ ነበር የሚስበው፣ ልክ በቀሰም እንደሚጠጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት «በአፋችሁ አትሳቡ» ብለው ያስተማሩ ሰው፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ጎንበስ ብለው ጫፉን ከንፈራቸው ላይ ሰኩት።

ያ ፈሳሽ ሥጋ ይበላል እማ። ትንሽ አየር ከገባ ሽቅብ ተፈናጥሮ አፍ ውስጥ ነው። እኔ ቀና ስል ጉንጫቸው ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። በመካከላችን ዘጠኝ ጠረጴዛ አለ። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ አፌ ነው የተከፈተው፤ ምንም አልወጣም፣ ሊወጣም አይችልም ነበር። ሁለተኛ እጄ ማንኪያውን አገኘ።

ሁለት ጊዜ መታሁ።

ሃምሳ ሁለት ልጅ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። የሚጽፈው እስክሪብቶውን ጥሎ፣ የሚያዛጋው አፉን ዘግቶ። በመሃል ብቻቸውን ጎንበስ ብለው ፒፔት አፋቸው ላይ ያለ ጋሽ ሚዛን ቀሩ። ዓይናቸውን አነሱ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ፒፔቱን ከአፋቸው አወጡና እሳቸውም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄዱ።

ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ ነበረች ከእሳቸው ፊት የቆመችው። ቀስ ብላ አንድ እጇን አወረደችና መዳፏን ከአገጯ በታች ዘረጋችላቸው። ለምን? ከዚያ ከጎኗ ያለው። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ። ሃምሳ ሁለት መዳፍ ከሃምሳ ሁለት አገጭ በታች ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ምልክቱን ማንም አልተረጎመላቸውም፤ አላስፈለጋቸውም። መዘኑት፣ መዘኑት፣ ከዚያ «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ስህተት ነው» አሉ። ወደ ቧንቧው ጠቆምኳቸው። ሄደው አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ፤ ምንም አልገባባቸውም ነበር፣ ግን እንዲያደርጉት ፈለግሁ፣ አደረጉትም። ቦታቸው ተመልሰው እስኪያበቃ ቅጻቸው ላይ አንድ ቃል አልጻፉም። አሥራ አንዱ ቡድን ውጤቱን በትክክል አገኘ። ሁለቱ ጠብታ አብዝተው አለፉት፤ እነሱ ሰኞ ይደግሙታል።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ትሪዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ጎድጉዷል።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ፈተናውን ፈተንኩ፣ አረምኩም። ከሌሎቹ ክፍሎች የኔዎቹ ይበልጣሉ ብዬ አልጎርርም፣ በአራት ነጥብ ብቻ ነው የሚበልጡት።

ከዚያ ዳይሬክተራችን አስጠራችኝ። ጋሽ ሚዛን መስኮቱ ጋ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ። የመታዘቢያ ቅጹን ሰጠችኝና አንቺው አንብቢው አለችኝ። ቅጹ ላይ «የመምህሩ የአነጋገር ግልጽነት» የሚል ሣጥን አለ፣ ከአምስት የሚሰጥበት። ቁጥር አልጻፉበትም። በዚያ ጥንቁቅ ጽሑፋቸው «ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ» ይላል። ከሥር ዳይሬክተራችን ጨምራበታለች፤ ከሕክምና ፈቃዷ ስትመለስ አራቱንም ክፍሎቿን ትረከባለች፣ ትምህርቱም በዚሁ ዘዴ ይቀጥላል፣ ትምህርት ቤቱ አሥራ ሦስት የጎማ ኳስ ይገዛል። መዝገብ ቤት ገብቶ የነበረው ስሜ ተሰርዟል። እጄን ስትጨብጠኝ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ይዛኝ ቆየች። ጋሽ ሚዛን ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ሊናገሩ ያሰቡትን ሲመዝኑ ቆዩና ተዉት። በመናገር ፈንታ በሁለት ጣታቸው በሩን ሁለት ጊዜ መቱትና እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሄዱ። ሰው ሲያከብርሽ ይታወቅሻል እማ፤ ደስ ብሎኛል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ከክፍሌ የሚያስወጣኝ ነገር የለም።

እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤው ሲደርስሽ እንዳትደውዪ። ነይ። ቀዶ ሕክምናው ገና አሥራ ሁለት ቀን አለው፤ ከዚያ በፊት ነይና ጥቂት ቀን አብረን እንሁን። አልጋሽን አንጥፌአለሁ፣ ደረጃው አሥራ አራት ብቻ ነው፣ ዕቃሽን እኔ እሸከማለሁ። ካንቺ ጋር ለመጨቃጨቅ ብዙ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ ግን በወረቀት ሲጣሉ ንዴት ይበርዳል፣ እኔና አንቺ ደግሞ ሳንጨቃጨቅ መዋል አንችልም። ስለዚህ ሌላም ነገር አድርጌአለሁ።

የዚያ ዝምተኛ ልጅ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቤታቸው አጠገብ ባለ አዳራሽ የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። ትናንት ቤቷ ሄጄ አየኋት። ጎበዝ ናት፣ ተቆጪ ናት፣ ትወጃታለሽ። ትምህርቱ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ያሰበውን ሁሉ ሳይቸገር ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይጣላል አለችኝ። የመጀመሪያው ትምህርት የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። በሁለት ሰው ስም ተመዝግቤአለሁ።

ጉልበትሽን ያበርታልኝ። ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ለብዙ ዓመት ፊት ለፊቴ ያቁምሽ።

ልጅሽ